መሳል ለምትፈሩ፦ ከኦክቶፐስ ጀምሩ

ውድ ልጆቼ፣

«እኔ መሳል አይሆንልኝም» የሚል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እጁ ሰንፎ አይደለም፤ የሚስለውን ነገር አካል ስላላወቀው ነው። ምኑ የት እንዳለ ሲያውቅ እጁም ይደፍራል። ለዚህ የባሕር እንስሳትን የሚያህል መለማመጃ የለም፤ ከእነሱም ኦክቶፐስን አስቀድሙ። ፈረስ ስትስሉ ጉልበቱ ቦታውን ቢስት ያየ ሁሉ ያውቅባችኋል። ኦክቶፐስ ግን አጥንት ስለሌለው ክንዱ ወደ የትም ቢጣጠፍ ያምርበታል።

አንድ ኤ4 ወረቀትና ኤችቢ እርሳስ ይበቃል። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት። ወደ ጫፉ ከተጠጋችሁ እጃችሁ ይጫናል፤ ተጭኖ የተሰመረ መስመር ደግሞ በላጲስ ቢፈገፈግም ምልክቱ አይለቅም።

በመጀመሪያ ፈዘዝ ባለ መስመር ሞላላ ከረጢት ሣሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ከረጢቱ ጭንቅላት ይመስለውና ዓይንና አፍ መሃሉ ላይ ያደርግበታል። ከረጢቱ የሆድ ዕቃው ያለበት ክፍል ነው። ዓይኖቹ ከዚያ ዝቅ ብለው ክንዶቹ ከሚነሡበት አጠገብ ናቸው፤ አፉ ከሥር፣ ክንዶቹ በሚገናኙበት መሃል ስለሆነ ከላይ አይታይም። ቀጥሎ ከፊት ያሉትን አራት ክንዶች ሣሉ፤ የቀሩት አራቱ ከኋላ በመካከላቸው ብቅ ይበሉ። ስምንቱንም ጎን ለጎን ከደረደራችኋቸው መጥረጊያ ይመስላሉ። ክንዱ ሥሩ ላይ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ ይቀጥናል፤ ከሥሩ በሁለት ረድፍ የተደረደሩት መጣበቂያዎቹም አብረው እያነሱ ይሄዳሉ።

በማግስቱ ወደ ሌላ እንስሳ አትዝለሉ። ያንኑ አምስት ጊዜ ሣሉት፤ ከጀርባው ቀን ጻፉበት፤ የተበላሸውንም አትቅደዱ። የመጀመሪያውንና አምስተኛውን ጎን ለጎን ስታዩ የሰው ምስክርነት አያስፈልጋችሁም።

ከዚያ ሻርክና ዓሣ ነባሪን አነጻጽሩ። የሻርክ ጅራት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የዓሣ ነባሪ ጅራት ግን ጠፍጣፋውን የተኛ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። ይህን ከሳታችሁ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ሥዕሉ እንስሳውን አይመስልም።

ባሕር ሩቅ ነው ብላችሁም አትተዉት። ለእራት የተገዛ ቆሮሶ ዓሣ ከመጠበሱ በፊት ሩብ ሰዓት ተዋሱት። የጀርባው ክንፍ ከፊት እሾሃማ፣ ከኋላ ለስላሳ ነው። ከስንጥቡ፣ ማለትም ከመተንፈሻው ክዳን ተነሥቶ በጎኑ የሚሄደው መስመር ደግሞ ተቋርጦ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ፎቶ ላይ ይህን ማየት ይቸግራል።

ታናናሾች ካሏችሁ እርሳሱን ከእጃቸው ወስዳችሁ አታርሙላቸው፤ ማሳየት ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ወረቀት ላይ አሳዩ። «ጎበዝ» ብላችሁም አትለፉ፤ «ክንዱን ወደ ጫፉ ማቅጠንህ ጥሩ ነው» በሉት። ሰባት ክንድ ከሣለ «ተሳስተሃል» ከማለት «ስምንተኛው ከየትኛው ጀርባ ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁት። ወይ ራሱ ይጨምረዋል፣ ወይ የት እንደተደበቀ ይነግራችኋል።