በወረርሽኝ ወቅት የንብረት ታክስ፦ ምጣኔ መቀነስ ወይስ መክፈያውን ማራዘም?

«ወረርሽኙ ንግዱን አቀዝቅዞታል። ምክር ቤቱ የዘንድሮውን የንብረት ታክስ ምጣኔ በ10 በመቶ ይቀንስ ወይስ የመክፈያ ጊዜውን ያራዝም?» ብለው ለጠየቁት፦ ያራዝም፣ ምጣኔውን ግን አይንካ። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

የከተማው ጠቅላላ የንብረት ግምት 12 ቢሊዮን፣ ምጣኔው 1 በመቶ ነው እንበል። ዓመታዊ ታክሱ 120 ሚሊዮን ይሆናል። ምጣኔው ወደ 0.9 በመቶ ከወረደ 108 ሚሊዮን ብቻ ይሰበሰባል። በቀጣዩ ዓመት ግምቱ በ5 በመቶ ወርዶ 11.4 ቢሊዮን ቢሆን፣ 120 ሚሊዮኑን መልሶ ለማግኘት ምጣኔው 1.053 በመቶ መሆን አለበት። ይህ ከ0.9 ላይ ሲሰላ የ17 በመቶ ጭማሪ ነው። ሆቴሎችና ቢሮዎች ዋጋቸው ወርዶ የመኖሪያ ቤቶች ግን ባለበት ከቆየ፣ ሂሳቡ ሙሉ 17 በመቶ የሚጨምርበት ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ነው። ቅናሹን በአንድ ድምፅ ያጸደቀ ምክር ቤት ያን ጭማሪ ለማጽደቅ እጁን ሲያወጣ እምብዛም አይታይም፤ ጉድለቱ ከጥገናና ከጽዳት በጀት ይቆረጣል።

የዘንድሮው ሂሳብ ብዙውን ጊዜ ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት በነበረ ቀን ዋጋ የተሠራ መሆኑንም አይርሱ። «ሕንፃዬ ባዶ ነው፣ ግምቱ ይስተካከል» የሚል ቅሬታ ይጎርፋል። ባዶነቱ የሚታየው በሚቀጥለው ግመታ ነው። ይህ በማስታወቂያው ላይ በሁለት መስመር ቢጻፍ የአቤቱታውን ክምር በእጅጉ ያቃልላል።

ማራዘሙም ቢሆን ልክ አለው፤ ልኩን የሚወስነው ደግሞ የካዝናው አቅም ነው። ወርሃዊ ወጪ 18 ሚሊዮን፣ ከአገልግሎት ክፍያ፣ ከፓርኪንግና ከመሳሰሉት የሚገባው ደግሞ 8 ሚሊዮን የነበረ አሁን ወደ 5 ሚሊዮን የወረደ ይሁን። በየወሩ 13 ሚሊዮን ይጎድላል። መጠባበቂያው 30 ሚሊዮን ከሆነ ሁለት ወር ከሳምንት ገደማ ያስኬዳል፤ ስለዚህ ያለ ብድር የሚቻለው 60 ቀን ነው። ጊዜው ቢራዘምም በቀድሞው ቀን የሚከፍል ሰው አይጠፋም፤ 120 ሚሊዮኑ በሁለት እኩል ዙር የሚከፈል ከሆነ፣ ከ60 ሚሊዮኑ የመጀመሪያ ዙር 40 በመቶው ቢገባ 24 ሚሊዮን ይገኛል። እሱን ግን ለዕቅድ አይጠቀሙበት። በአዲሱ ቀን 85 በመቶ ብቻ ቢሰበሰብ ምን ይሆናል የሚለውንም ያስሉ፤ 9 ሚሊዮኑ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ውሳኔው ገና አልበሰለም።

እፎይታው ለማን ይሁን የሚለው ላይ ሰፋ አድርጎ መስጠት ያጓጓል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ለችርቻሮ፣ ለመስተንግዶና ለመዝናኛ ንግዶች የንግድ ንብረት ታክሱን ለዓመት ሙሉ በሙሉ አንስታ ነበር። በዘርፍ ስለተሰጠ ሳይዘጉ የሠሩ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችም ተጠቀሙበት፤ በታኅሣሥ 2020 ቴስኮ ብቻ 585 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመልስ አስታወቀ። የአካባቢ ምክር ቤቶቹን ጉድለት ያካካሰው ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ከኋላው የሚያካክስ የሌለው ከተማ ይህን መኮረጅ አይችልም። ለከተማ የሚሆነው በመመሪያ የተዘጉትንና ገቢያቸው መውረዱን በሰነድ የሚያሳዩትን ለይቶ ቅጣትና ወለድ ማንሳት፣ ዋናውን ታክስ ደግሞ በክፍፍል ማስከፈል ነው። አከራይ የሚራዘምለት ለተከራዩም የኪራይ ጊዜ እንዳራዘመ በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ይሁን፤ አለበለዚያ እፎይታው ከሕንፃው ባለቤት አያልፍም።

ብዙ ጊዜ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። ባንክ ከቤት ብድር ክፍያ ጋር በየወሩ የሚሰበስበው ታክስ ካለ፣ ገንዘቡ ከባለቤቱ ኪስ ስለወጣ መራዘም አያስፈልገውም፤ ባንኩ በቀድሞው ቀን ገቢ ያድርግ። ከተማው ለትምህርት ቤቶች ወይም ለበላይ አስተዳደር ሰብስቦ የሚያስተላልፈው ድርሻ ካለ ደግሞ የማስተላለፊያው ቀን አብሮ መግፋቱ አስቀድሞ በስምምነት ይታሰር፤ ያልተሰበሰበ ገንዘብ ከራስ ካዝና ማስተላለፍ 60 ቀኑን ያሳጥረዋል። የምክር ቤቱ ሥልጣንም ይጣራ፤ ቀንና ቅጣት በበላይ ሕግ የተወሰነበት ቦታ ብዙ ነው።

አፈጻጸሙ ላይ የሚያበላሸው ትንሽ ነገር ነው። ውሳኔው ይጸድቅና ሲስተሙ ሳይስተካከል ይቀራል፤ በቀድሞው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ቅጣቱን በራሱ አስልቶ ማስጠንቀቂያ ይልካል። አዲሱ ቀን ከገባ በኋላ በአሥር ሂሳቦች ላይ ተሞክሮ ቅጣቱ ዜሮ መሆኑ ይታይ፤ የወለዱ መነሻ ቀንም ለብቻው ይፈተሽ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚገባው። ሌላው ሰልፉ ነው። በጤና ቀውስ ውስጥ ሁሉንም ከፋይ በአንድ የመጨረሻ ቀን መስኮት ላይ ማሰለፍ በሽታውን ማዛመት ነው። በሂሳብ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ከፋፍሎ በአምስት ሳምንት ማዳረስ ይቻላል፤ 0 እና 1 የመጀመሪያው ሳምንት፣ 2 እና 3 ሁለተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። በባንክና በስልክ መክፈል የሚችለው በዚያው ይጨርስ፣ መስኮቱ ለአረጋውያንና በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍሉ ይቅር።

በውሳኔው ላይ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፣ ሁለተኛው ዙርም አብሮ ይገፋ። የመጀመሪያው በ60 ቀን ተራዝሞ ሁለተኛው ባለበት ከቀረ ከፋዩ ሁለት ዙር በተቀራረበ ጊዜ ይመጣበታል፤ ውዝፉም የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው።