ከቦርዱ በፊት ቡቱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ስኖውቦርድ፣ ሁለቱን እግር አስረው በረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱበት ሳንቃ፣ ሁለት መስመር ብጽፍ ከሱሉልታ እስከ ኮዬ ፈጬ ጥያቄ ዘነበብኝ። ለካ በየሰዉ አልጋ ስር ከውጭ የመጣ ቦርድ ተኝቷል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የሱሉልታ ልጅ ነኝ። አጎቴ ከኮሎራዶ ሲመጣ ስኖውቦርድ አመጣልኝ። ግን ቪዲዮ ላይ ከማየው ጋር አይመሳሰልም። ረጅምና ጠባብ ነው። ማሰሪያው ላይ ቀበቶ የለም፣ ከፊትና ከኋላ የብረት ቅስት ብቻ ነው ያለው። ተሰብሮ ነው? በታኅሣሥ እሱ ጋ ስለምሄድ እዚያ ልነዳበት ነው። ቡት ማንኛውም ይሆናል ብሎኛል።

መልስ፦ ምንም አልተሰበረም። የያዝከው የአልፓይን ቦርድ ነው። ለዝላይና ለመገለባበጥ ሳይሆን ቁልቁለቱን በጠርዙ እየቆረጡ ለመውረድ የተሠራ። ቡቱ ላይ ግን አጎትህን አትስማቸው፣ ማንኛውም ቡት አይሆንም።

ምክንያቱን ልንገርህ። ሜትር አምጣና የቦርዱን ወገብ፣ ማለትም መሃሉን፣ ለካው። ከ18 እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የተለመደው ቦርድ 25 አካባቢ ነው። በጠባቡ ላይ እግርህን አግድም ካስቀመጥክ ጣትህና ተረከዝህ ከጠርዙ አልፈው ይወጣሉ። ቦርዱን ስታጋድል ቡቱ በረዶውን ይነካል፣ ጠርዙ ይለቃል፣ አንተም ትዘረራለህ። ለዚህ ነው የአልፓይን ነጂ ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ፊት የሚያዞረው፤ የፊተኛውን ከ55 እስከ 65 ዲግሪ፣ የኋለኛውን ትንሽ ቀነስ አድርጎ። እንዲያ ዞረህ ቆመህ በለስላሳ ቡት ቦርዱን ለማጋደል ብትሞክር ቁርጭምጭሚትህ ይንገላታል እንጂ ቦርዱ አይሰማህም። ጠንካራው የፕላስቲክ ቡት ግን ጉልበትህን ገፋ ስታደርግ ያንኑ በቀጥታ ለጠርዙ ያደርሰዋል። የብረት ቅስቶቹም የዚያን ቡት አፍንጫና ተረከዝ ለመያዝ የተሠሩ ናቸው። ደግሞ እንደ ስኪ (በእያንዳንዱ እግር አንድ ቀጭን ሳንቃ የሚታሰርበት የበረዶ መንሸራተቻ) ስትወድቅ የሚፈቱ አይደሉም፣ ይህን ከአሁኑ እወቀው።

ስለዚህ ያለችህን ብር ለቡቱ አስቀምጣት። አጎትህ እዚያው አሮጌ ይፈልጉልህ፣ ግን ፎቶ ብቻ አይተህ እሺ እንዳትል። ፕላስቲክ ያረጃል። አንድም ቀን ያልተለበሰ ቡት ዓመት ስለቆጠረ ብቻ ቁልቁለት መሃል ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። መቆለፊያዎቹ በተመቱበት ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ካለ ይተውት። ከውስጥ ያለውን ለስላሳ ክፍል መዝዘው አውጥተው የተረከዙን ቦታ በጣት ይጫኑት፤ ተጭኖ የማይመለስ ከሆነ ሞቷል።

ልኩ በሴንቲ ሜትር ነው፤ 42፣ 43 የምትለውን እርሳው። ተረከዝህን ግድግዳ አስነክተህ ቁም፣ እስከ ረጅሙ ጣትህ ድረስ አስለካ። 27 ከመጣ ቡቱ 27 ነው። ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣትህ ጫፉን ትነካለች፣ ጉልበትህን ስታጥፍ ሸሸት ትላለች። ሱቅ ውስጥ «አቤት ሲመች!» ያሰኘህ ቡት ሰፊ ነው። የስኪ ቡት ቅስቶቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል፤ ለሙከራ ካልሆነ ግን አልመክርህም፣ ወደ ፊት በደንብ አይታጠፍም።

ሳንባህ አያሳስበኝም። የኮሎራዶዋ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነች፣ አንተ ከዚያ በጣም ከፍ ብለህ ነው ያደግከው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በአልፓይን ቦርድ ስትታጠፍ የቁልቁለቱን ስፋት ከዳር እስከ ዳር ታቋርጣለህ፣ ከኋላህ በስኪ የሚምዘገዘገው ሰው ደግሞ ይህን አይጠብቅም። በሕጉ ቅድሚያው ከፊት ላለው ነው። ሕጉ ግን የጎድን አጥንት አይጠግንም፤ ከመታጠፍህ በፊት በትከሻህ ላይ ወደ ላይ ገልመጥ በል። በጠዋት ግባ። ማታ በማሽን የተደለደለው በረዶ ገና ሳይረገጥ ነው ጠርዝ የሚይዘው፣ ሰዉም ያኔ ገና ቁርሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ልጄ ኦስትሪያ ትማራለች። ከክፍሏ ልጆች ጋር ስኖውቦርድ ልሄድ ነው ብላ ደወለችልኝ። ጋቢ ልላክላት? አጥንቷ ቢሰበርስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጋቢውን ይላኩላት፣ ማታ ማታ ትደርበው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጥጥ አይሆንም፤ ላብና የቀለጠ በረዶ ይዞ ገላ ላይ ይለጠፋል። ከውስጥ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ፣ መሃል ላይ ፍሊስ (ለስላሳና ሙቀት ያዥ ጨርቅ)፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ትልበስ። ይህን ደግሞ መርካቶ ሰልባጅ የሚሸጡት ጋ ቢፈልጉ አያጡትም። ብቻ ጃኬቱን ገልብጠው ስፌቱን ይዩት። በስፌቱ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ከተለጠፈበት ጥሩ ነው፤ ጥብጣቡ ከተላጠ ውሃ ያስገባል፣ ይተውት። ካልሲ አንድ ብቻ! ሁለት ሲደረብ ቡቱ ይጠብና እግር ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ስለ አጥንቱ አልዋሽዎትም፣ ጀማሪዎች በብዛት የሚጎዱት የእጅ አንጓቸውን ነው። ሲወድቁ እጃቸውን ይዘረጋሉ። የአንጓ መከላከያ ትግዛ፣ ሄልሜት ትከራይ፣ የመጀመሪያውን ቀን ከአስተማሪ ጋር ትዋል። በጓደኛ ልማር የሚባለውን ነገር አልወደውም። ጓደኛ ጫፍ ድረስ ይወስድና «ነይ እንግዲህ» ብሎ ይወርዳል። የፀሐይ ቅባትም አይቅርባት። በረዶው ጨረሩን መልሶ ፊቷ ላይ ይረጨዋል፣ ጥቁር ነኝ ብላ እንዳትዘናጋ።

ጥያቄ፦ የጀሞ ልጅ ነኝ፣ ስኬትቦርድ እነዳለሁ። ከእንጦጦ በሎንግቦርድ (ረዘም ባለው ስኬትቦርድ) ብወርድ ለስኖውቦርድ ልምምድ ይሆነኛል?

መልስ፦ ልምምድም ይሆንሃል፣ ቀብርም ይሆንሃል። በዚያ ቁልቁለት ሲኖትራክ ፍሬኑ እየሸተተ ነው የሚወርደው፣ አንተን ለማየት ጊዜ የለውም። ላፍቶ ያለው የስኬት ፓርክ ቅርብህ ነው፣ ከ2016 ጀምሮ አለ፣ እዚያ ሂድ። ቁልቁለት ካማረህ መኪና ያልገባበት አዲስ አስፋልት ፈልግ። ጉልበት ማጠፍና መሄድ የምትፈልግበትን ቦታ ማየት ከስኬት ወደ በረዶ ይሻገራሉ። ፈራሁ ሲባል ዘሎ መውረድ ግን አይሻገርም፣ እግርህ ታስሯል። ሲፈሩ ወደ ኋላ መለጠጥም እንደዚያው ነው፤ ክብደትህ ከፊተኛው እግር ላይ ሲነሳ ቦርዱ አልታዘዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ስኪ ይሻላል ስኖውቦርድ? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ሁለቱንም የሚከለክልህ የለም። ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካ በ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ በስኪ ሱፐር ጂ (በፍጥነት የሚወረድበት የቁልቁለት ውድድር) በ0.01 ሰከንድ በልጣ ወርቅ ወሰደች፣ በሳምንቱ ደግሞ በአልፓይን ስኖውቦርድ ደገመችው። በ2022 ቤጂንግም የስኖውቦርዱን ወርቅ አላስነካችም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ስኪ ይቀላል። ስኖውቦርድ መጀመሪያ ያንከባልልሃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቶሎ ይለመዳል። እኔን ከጠየቅከኝ ስኖውቦርድ፣ አድልዎዬን አልደብቅም።

ጥያቄ፦ ሰው ሽንኩርት መግዣ አጥቶ እናንተ ስለ በረዶ ታወራላችሁ። ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ በሽንኩርቱ እውነትህን ነው፣ ውድ ስፖርት መሆኑንም አልክድም። ምን አገናኘው ላልከው ግን፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ2010 ቫንኩቨርም ነበር። የእሱ አገር አቋራጭ ስኪ ነው እንጂ ስኖውቦርድ አይደለም። አፍሪካ ውስጥም ሞሮኮ ኡካይመደን፣ ሌሶቶ ደግሞ አፍሪስኪ የሚባሉ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታዎች አሉ፤ የሌሶቶው በእኛ ክረምት ነው የሚሠራው። ዱባይ ዘመድ የሌለው ሰው የለምና እዚያ የገበያ ማዕከል ውስጥ ስላለው የበረዶ ቁልቁለት ሁላችሁም ሰምታችኋል። ረጅሙ መውረጃ 400 ሜትር ነው። ለመማር ይበቃል፣ በአልፓይን ቦርድ ግን ገና ሞቅ ሲልህ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ቦርድ ጠርዙ ዝጓል። ክረምቱን የት ላስቀምጠው? (ከሰበታ)

መልስ፦ ላይ ላዩን ከሆነ በደቃቅ ሞረድ ወይም በመሳያ ድንጋይ በቀስታ፣ በአንድ አቅጣጫ ጥረገው። ከዚያ የቦርድ ሰም በካውያ አቅልጠህ ታቹንና ጠርዞቹን በወፍራሙ አልብሰውና እስክትሄድ ድረስ ሳትፍቀው ተወው። ሰሙ ከጨሰ ካውያው በጣም ግሏል። ጧፍ ይሆናል ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፣ አይሆንም። ቆርቆሮው ስር ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጠው። ቡት ካለህም መቆለፊያውን ላላ አድርገህ ዝጋው፣ የውስጡን አውጥተህ ጥላ ላይ አድርቀው። ከሰል አጠገብ እንዳታስጠጋው፤ ፕላስቲኩ ከተጣመመ እግርህ አይገባበትም።