ሰው ለማሠልጠን ለምትዘጋጁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ፣ ከአያት ጫፍ እስከ ለቡና ጀሞ፣ አዲስ መንደርና ኮንዶሚኒየም በተሠራበት ሁሉ ከመድኃኒት ቤቱና ከምግብ ቤቱ ጎን ጂም መከፈቱ የተለመደ ሆኗል። በእነዚህ ጂሞች የሚሠሩ ወይም ለመቀጠር የሚያስቡ ወጣቶች ወደ እኔ ሲመጡ በብዛት የሚያነሡት ጥያቄ የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከታች እመልሰዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፤ አሰልጣኝን አሰልጣኝ የሚያሰኘው ፊቱ የቆመው ሰው ዛሬ ምን ቢሠራ እንደሚጠቅመው፣ ምን ቢሠራ ደግሞ እንደሚጎዳው ለይቶ ማወቁ ነው። በፈተናው የሚመጣው የሰውነት አካል ጥናትም፣ የልብና የትንፋሽ ትምህርትም፣ የምግብ ነገርም የሚጠቅመው ለዚህ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ አዲስ ሰልጣኝ ሲመጣ በቀጥታ ትሬድሚል ላይ አታውጡት። አስቀምጡትና ጠይቁት። በብዙ አገር የሚሠራበት ሰባት ጥያቄዎች ያሉት የቅድመ እንቅስቃሴ ቅጽ አለ፤ ሐኪም የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት አለብህ ብሎት ያውቅ እንደሆነ፣ ደረቱን የሚያመው እንደሆነ፣ አዙሮት ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ እንደሆነ፣ ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት እንደሆነ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ችግር፣ በመጨረሻም በሐኪም ክትትል ሥር ካልሆነ ስፖርት አትሥራ ተብሎ የሚያውቅ መሆኑን ይጠይቃል። ቅጹን በአማርኛ አዘጋጁት፤ ማንበብ ለሚከብዳቸው ደግሞ እናንተ አንብቡላቸው። የእኛ ሰው ሕመሙን ለማያውቀው ወጣት ቶሎ አይናገርም። ጤናዎ እንዴት ነው ብትሏቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏችኋል፤ ጨዋታውም በዚያው ያልቃል። «ክትትል የሚያደርጉበት ሐኪም ቤት አለ?»፣ «ጠዋት ጠዋት የሚወስዱት ኪኒን አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የደም ግፊቱም ስኳሩም ይወጣል። ከታላላቆቻችሁ ጋር ስትነጋገሩ አንቱ በሉ፤ ዘመናዊ ጂም ነው ብላችሁ አንተና አንቺ አትበሉ። የተከበረ ሰው ነው ምስጢሩን የሚነግራችሁ።

የደም ግፊት መለኪያ ከዱምቤል በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው። ሰልጣኙ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ለኩ። የላይኛው ከ180 ወይም የታችኛው ከ110 ካለፈ በዚያ ቀን ክብደት ማንሣት የለም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። 140 በ90 ደርሶ ሕክምና ያልጀመረ ሰውም ከሐኪም ጋር መነጋገር አለበት፤ ቀላል የእግር ጉዞ ግን ብዙ ጊዜ የሚከለከል አይደለም። ግፊት ያለበት ሰው ክብደት ሲያነሣ ትንፋሹን እንዳያምቅ ተከታተሉት፤ በሚገፋበት ጊዜ ትንፋሹን ያውጣ፣ ሲመልስ ያስገባ። ትንፋሽ ታምቆ የሚነሣ ክብደት ግፊቱን በአንድ ጊዜ በጣም ከፍ ያደርገዋል።

እንደ አቴኖሎል ያለ፣ የልብ ምትን የሚያዘገይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ የሚጠበቀውን ያህል ስለማይጨምር፣ በሁሉም ጂም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን የመቀነስ ስሌት ለእሱ አይሠራም። ለጤነኛ ሰውም ቢሆን ስሌቱ ግምት ነው፤ ከ10 ምት በላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት ይችላል። ሰልጣኙ ድካሙን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እንዲነግራችሁ አስተምሩት፣ በመሐልም አናግሩት። እየሠራ ማውራት ከቻለ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ መሳብ ካስፈለገው ከባድ ነው። ይህ ዘዴ ምንም መሣሪያ ሳይጠይቅ ብዙ ይነግራችኋል።

የምንኖርበትን ከፍታም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ሱሉልታና እንጦጦ ከዚያም ይበልጣሉ። የኦክሲጅኑ ድርሻ የትም ቢሆን ያው 21 በመቶ ገደማ ቢሆንም የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ለአትሌቶቻችን ይህ ጥቅም ሆኖላቸዋል፤ በማለዳ በሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሮጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ትናንት ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ የገባ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ ልቡ በጣም ይመታል፣ ራሱንም ሊያመው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ያሉ ይሁኑ፣ ውኃም በደንብ ይጠጣ። ከየት ነው የመጡት፣ መቼስ ገቡ የሚለው ጥያቄ እንግዳ ከመቀበል በላይ ጥቅም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

የሰውነት አካል ጥናትን ስም ብቻ በመሸምደድ አትጨርሱት። እያንዳንዱ ጡንቻ ከየትኛው አጥንት ተነሥቶ የትኛውን መገጣጠሚያ ተሻግሮ የት እንደሚያርፍ ካወቃችሁ ሥራውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ፣ ከዚያም በታክሲ ሰልፍ ቆማ ማታ ወደ ጂም የምትመጣ ሴት ስኳት (ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሣት) ስትሠራ ተረከዟ ከመሬት ቢነሣ፣ ብዙ አሰልጣኞች «ተረከዝሽን አውርጂ» እያሉ ይጮሁባታል። ችግሩ የባትና የቁርጭምጭሚት መገተር ሊሆን ስለሚችል ጩኸት አይፈታውም። ከተረከዟ በታች ቀጭን ብረት አስገቡላት ወይም ወንበር ላይ እየተቀመጠች እንድትነሣ አድርጉ፣ ከጎን ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን የሚያፍታታ ሥራ ስጧት። አቋሟን ለማረም በእጃችሁ መንካት ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ፈቃዷን ጠይቁ፤ ካልፈቀደች ራሳችሁ እየሠራችሁ አሳዩአት። በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ዓይነት ቸልተኝነት አይፈቀድም።

ሰው ወደ ጂም የሚመጣው ከሌላ ኑሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ብሎኬትና ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለ የግንባታ ሠራተኛና ኮምፒውተር ላይ የዋለ የሒሳብ ባለሙያ በአንድ ፕሮግራም አይሠሩም። የመጀመሪያው ወገቡን የሚያሳርፍ፣ ደረቱንና ዳሌውን የሚያፍታታ ሥራ ሊሻው ይችላል፤ ሁለተኛው መንቀሳቀስ ራሱ ይጎድለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ይህ የሚደረስበት ግብ እንጂ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የጉልበት ጭማሪ በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ ስለሚለምድ የሚመጣ ነው፤ ጅማት ደግሞ ከጡንቻ ዘግይቶ ስለሚጠነክር፣ በረታሁ ብሎ ክብደት የሚቆልል ጀማሪ መገጣጠሚያውን ይጎዳል።

አዲስ ሰውን በመጀመሪያው ቀን አድክሞ መላክን እንደ ጥሩ ሥራ የሚቆጥሩ አሰልጣኞች አሉ። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ያልለመደ ጡንቻ ከልክ በላይ ሲሠራ ሴሎቹ ተሰባብረው ይዘታቸው ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊትንም እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። ሰልጣኛችሁ ከባድ ሕመምና እብጠት ካለው፣ ሽንቱም ወደ ጥቁር ቡናማ ከተለወጠ ነገ ያልፋል አትበሉት፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።

ስለ ጾም የውጭ መጻሕፍት ብዙ አይነግሯችሁም፣ እናንተ ግን ልታውቁት ይገባል። የሁዳዴ 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል የሚከለከልበት፣ ብዙዎችም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ የማይቀምሱበት ጊዜ ነው፤ በረመዳን ደግሞ ውኃም የለም። ጾመኛን ጾሙን ፍታ ማለት የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም። ሰዓቱን ወደ መፍቻው አስጠጉለት፣ ክብደቱንና የድግግሞሹን ብዛት ቀንሱለት። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ እህልና ጥራጥሬ ስለሚደጋገፉ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው፤ መጠኑን ማሟላት ነው የሚያስፈልገው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ጾሞ ስፖርት ከሠራ ግን የደም ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ከሐኪሙ ሳይመክር ጾሞ አይሥራ፤ ጂሙም ውስጥ ስኳር ይቀመጥ። ከዚህ አልፎ የበሽተኛ የምግብ ዝርዝር ማዘዝ የምግብ ባለሙያ ሥራ ነው። ምንጩ የማይታወቅ የጡንቻ ማሳደጊያ መርፌና ኪኒን መሸጥማ ወንጀል አድርጋችሁ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ሰርተፍኬቱ ልመለስ። ዲግሪ መያዝ ለምትችሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ኮተቤም የስፖርት ሳይንስ ያስተምራሉ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከሚታወቁት መካከል የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ፣ የአሜሪካ የእንቅስቃሴ ምክር ቤትና ናዝም በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ የስፖርት ሕክምና አካዳሚ ይገኙበታል። ቢያንስ 18 ዓመት መሙላትንና የልብ ማነቃቂያ ሥልጠና መውሰድን ይጠይቃሉ። የናዝም ፈተና 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት፣ የምክር ቤቱ ደግሞ 150 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው፤ እንግሊዝኛችሁን አጠናክሩ። ምስክር ወረቀቱ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ተጨማሪ ትምህርት ተወስዶ ይታደሳል። በጥቂት ቀን ውስጥ ያለ ፈተና ወረቀት የሚሰጣችሁን ግን ተጠራጠሩት።

የልብ ማነቃቂያውን ለፈተና ብቻ አትማሩት። አንድ ሰው ወድቆ ካልተነፈሰ ደረቱን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ እስኪገባ ትጫናላችሁ፤ ከ30 መጫን በኋላ 2 ትንፋሽ ትሰጣላችሁ። ከከተማው ዳር ላለን ሰዎች አምቡላንስ ቶሎ ላይደርስ ስለሚችል ከጂሙ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ ማታ የሚከፈት መሆኑንና መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ግፊቱን፣ ያነሣውን ክብደት፣ የተናገረውን ሕመም ከነቀኑ ጻፉ፤ ደብተሩንም ሌላ ሰው በማያገኘው ቦታ ቆልፉ። ሐኪም ዘንድ የምትልኩት ሰው ሲኖር በቃል ብቻ አትላኩት። በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ የለካችሁትን ቁጥር፣ ምን ሲሠራ ምን እንደተሰማው፣ እናንተም ምን ልታሠሩት እንዳሰባችሁ ጽፋችሁ ስጡት። ሐኪሙ የፈቀደውንና የከለከለውን በዚያው ወረቀት ላይ እንዲያሰፍርላችሁ ጠይቁ፤ ሰልጣኙ ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ ፕሮግራሙን ከዚያ ላይ ትጀምራላችሁ።