መልስ፦ ከኮቪድ ክትባት በኋላ ስለሚደጋገም ጉንፋን

ጤና ይስጥልኝ። የኮቪድ ክትባት ከተከተቡ ወዲህ ጉንፋን እየደጋገመ ስለያዝዎ፣ ክትባቱ የሰውነትዎን የመከላከል አቅም አዳክሞት እንደሆነ ጠይቀዋል። ስጋትዎ ይገባኛል፤ እኔም ከሁለተኛው ክትባት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የክንድ ሕመም ተሰምቶኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ የለቀቀኝ ሲሆን፣ በቀጣዩ የብርድ ወቅት ደግሞ ብርቱ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ሁለቱን ማያያዝ ግን ተገቢ አይመስለኝም። ክትባቱ ሰውነታችን ኮቪድን የሚያመጣውን ቫይረስ ለይቶ እንዲከላከል የሚያዘጋጅ ሲሆን፣ ጉንፋን ግን ከ200 በላይ በሆኑ የተለያዩ ቫይረሶች ሊመጣ ስለሚችል፣ ክትባቱ ከእነርሱም እንዲጠብቀን መጠበቅ አይቻልም። በእኔ ግምት ብዙዎቻችንን ያሳሳተን ጊዜው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ጭምብል ማድረግና ርቀት መጠበቅ ኢንፍሉዌንዛን ጭምር እጅግ ቀንሰውት ስለነበር፣ ጥንቃቄው ሲላላ የተመለሱት ወቅታዊ ሕመሞች ከክትባቱ የመጡ መስለው ታዩ። ኢንፍሉዌንዛ የራሱ ክትባት አለው፤ ቫይረሱ ስለሚለዋወጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይከለሳል፤ ከኮቪድ ክትባት ጋር በአንድ ቀን መውሰድም ይቻላል።

የኮቪድ ክትባት በበሽታው ከመያዝ የሚሰጠው ጥበቃ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ቢሄድም፣ ከጽኑ ሕመምና ከሞት የሚሰጠው ጥበቃ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ በተለይ አረጋውያን ወላጆች ካሉዎት ይህን እንዲነግሯቸው አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ትንፋሽ የሚያጥርዎ፣ ደረትዎን የሚያምዎ ወይም ከተሻለዎ በኋላ ትኩሳቱ የሚያገረሽ ከሆነ ግን፣ ጉንፋን ነው ብለው ሳይተዉት ፈጥነው ሐኪም ያማክሩ።