አማርኛ በነጻ ኦንላይን የት ይጻፍ? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ሳልከፍል ኢንተርኔት ላይ አማርኛ የምጽፍበት የቱ ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ ስመልስ የብዙዎቻችሁም ጭንቀት ይሄ እንደሆነ ገባኝና «ያላችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። እኔ የምተዳደረው በጽሕፈት ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ባለች ትንሽ ሱቅ ለአሥራ ሁለት ዓመት መመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻና የዕድር ደንብ ስጽፍና ሳስተካክል ኖሬያለሁ። የጠፋ ጽሑፍ ሰውን እንዴት እንደሚያስለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ የምመርጠው ሁሌም በአንድ ነገር ነው፦ አማርኛው ሳይበላሽ ይዤው መውጣት እችላለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ አታብዢብኝና አንዱን ንገሪኝ። የቱን ልክፈት?

ጎግል ዶክስን ክፈቺ። ጂሜይል ካለሽ አካውንቱ አለሽ ማለት ነው። በነጻ 15 ጊጋባይት ይሰጥሻል። ይህ ቦታ ግን ከኢሜይልሽና ከጎግል ፎቶ ጋር የጋራ ነው። ስልክሽ ፎቶ በራሱ የሚጭን ከሆነ ቦታውን የሚጨርሰው ፎቶው እንጂ ጽሑፉ አይደለም።

«ሴቭ» ማድረግ አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ እየጻፍሽ ራሱ ያስቀምጣል። መብራት ሲሄድ የጻፍሽው አይጠፋም። እኔን ያሸነፈኝ ይሄ ነው። ለፎንት፣ ከፎንት ዝርዝሩ አናት ላይ «ሞር ፎንትስ» የሚለውን ንኪና «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ» ብለሽ ፈልጊ። ረጅም ጽሑፍ ሲሆን አቢሲኒካ ለዓይን ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ የሚቀበለው የዎርድ ፋይል ብቻ ነው። በዶክስ ከጻፍኩ ችግር አለው?

መጻፉ ችግር የለውም። «ፋይል» ውስጥ ገብተህ «ዳውንሎድ» ስትል የዎርዱን ዓይነት ታገኛለህ። ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማውጫው፣ ሠንጠረዡ፣ የገጽ ቁጥሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። አማካሪህ ኮምፒውተር ላይ ያንተ ፎንት ከሌለ ደግሞ በሌላ ይተካና 80 የነበረው ገጽ 86 ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስለዚህ ጽሑፉን በዶክስ ጨርስ፣ ማስተካከሉን ግን ዎርድ ላይ አድርገው። ዎርድም እኮ በኢንተርኔት ነጻ ነው! የማይክሮሶፍት አካውንት ትከፍታለህ፣ ዋንድራይቭ በሚባለው የኢንተርኔት ማስቀመጫቸው ላይ 5 ጊጋባይት ይሰጡሃል። እዚያ የሌለ ነገር ቢኖር ከባድ ማስተካከያው ነው፤ እንዲሁም በብሮውዘር ስትጠቀም ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም። ፎንት ስትመርጥ ዊንዶውስ ላይ የተለመዱት ናያላና ኢብሪማ ናቸው። ናያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ አይመጣም፣ «አፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ ገብቶ መጨመር ያስፈልጋል። ለማስረከብ ከዎርዱ ጋር አንድ ፒዲኤፍ ጨምርበት። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ያንተን ገጽ እንዳለ ያያሉ።

ጥያቄ፦ በ1990ዎቹ በግዕዝ ሶፍትዌር ያስጻፍኩት የአባቴ ታሪክ አለ። ዶክስ ላይ ስጭነው በእንግሊዝኛ ፊደልና በምልክት ተሞላ። ጠፋብኝ ማለት ነው?

አልጠፋም፣ አይዞት። ይህ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፋይሉን «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው በ«ሀ» መልክ ሥሎ የሚያሳየው። ፎንቱ ሲነሳ ሥዕሉ ይነሳል፣ ከሥር ያለው ምልክት ይታያል። ጎግል ዶክስ ላይ ደግሞ የራስዎን ፎንት መጫን አይቻልም። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢሞክሩ እዚያ አይከፈትም።

መፍትሔው ያንኑ የድሮ ፎንት የተጫነበት ኮምፒውተር ፈልጎ በዎርድ መክፈት ነው። የቆዩ ጽሕፈት ቤቶች ዛሬም አላቸው። ከተከፈተ ወዲያውኑ ፒዲኤፍ ያድርጉትና ፕሪንት ያስወጡ፣ ቢያንስ ማንበብ ይቻላል። ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መሣሪያ ያላቸው ከሆነ ያስቀይሩት። ከሌለ ማስጻፍ ነው። የአባትዎ ታሪክ ከሆነ ለማስጻፍ የሚወጣው ገንዘብ አይቆጭም። ዋናውን ፋይል ግን እንዳይሰርዙት።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ይዘጋብሃል። ዶክስ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው በክሮም ወይም በኤጅ ብሮውዘር ሲሆን «ኦፍላይን» የሚለውን ኔት እያለ ማብራት አለብህ። ስልክ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ፋይል አጠገብ ካሉት ሦስት ነጥቦች ገብተህ «ኦፍላይን ይገኝ» የሚለውን ታበራለህ። ኔት ሲመለስ ራሱ ያዋህደዋል። የራስህ ያልሆነ ኮምፒውተር ላይ ግን አታብራው፣ ጽሑፍህ እዚያው ይቀራል።

አካባቢህ ለሳምንታት ኔት የሚጠፋበት ከሆነ ሊብሬኦፊስን ጫን። ነጻ ነው፣ ኮምፒውተርህ ላይ ይቀመጣል፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ምናሌውንም በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። አንዴ ዳውንሎድ አድርጎ በፍላሽ ለጓደኛ ማድረስ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የማኅበራችንን መተዳደሪያ ደንብ ሰባት ሰዎች ሆነን እያረቀቅን ነው። በኢሜይል ስንላላክ የቱ የመጨረሻው እንደሆነ ጠፋን። አንዱ ደግሞ የሌላውን አንቀጽ ይሰርዛል።

አባቴ፣ ጭቅጭቁ የሚበርደው ሰነዱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ዶክስ ላይ አንድ ፋይል ይክፈቱና ሊንኩን ለሰባቱም ይላኩ። ሲያጋሩ ሦስት ዓይነት ፈቃድ አለ፦ ማየት ብቻ፣ አስተያየት መስጠት፣ ማረም። የማረም ፈቃዱን ለእርስዎና ለጸሐፊው ብቻ ይስጡ። ለአምስቱ አስተያየት መስጠትን ይፍቀዱ። ያኔ ሰው አንድን ቃል ሲነካ ቃሉ አይጠፋም፣ «ይህ ይቀየር» የሚል ሐሳብ ሆኖ ከነስሙ ይታያል። በስብሰባ አንድ በአንድ ትቀበላላችሁ ወይም ትጥላላችሁ።

የተሰረዘው አንቀጽም ይመለሳል። «ፋይል» ውስጥ «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚል አለ። በየትኛው ቀን ማን ምን እንደቀየረ ያሳያል፣ የቀደመውንም ይመልሳል። ጉባኤው ያጸደቀውን ስም ሰጥተው እዚያው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ቤሩት የቤት ሠራተኛ ነኝ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ያሳለፍኩትን መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ግን ጣቴ ይደክማል፣ ጊዜም የለኝም።

እህቴ፣ ጻፊው። በስልክም ይቻላል። የዶክስ መተግበሪያውን ጫኚና ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ አማርኛ አድርጊው። ማይክሮፎኑን ነክተሽ ስትናገሪ በአማርኛ ይጽፍልሻል። ስም ይስታል፣ አራት ነጥብም አያደርግልሽም። ግድ የለም፣ ዋናው ሐሳቡ መቀመጡ ነው። ማታ አሥር ደቂቃ ብትናገሪ በወሩ ብዙ ገጽ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አካውንትሽን ያለሽበት አገር የስልክ ቁጥር ላይ ብቻ አትሰሪው። አገር ስትቀይሪ ሲሙ ይቀራል፣ የመግቢያው ኮድ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ነው፣ አንቺም ከራስሽ ጽሑፍ ውጭ ትሆኛለሽ። የምታምኚውን ሰው ኢሜይል እንደ መጠባበቂያ አስገቢ። ጎግል አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፣ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ከፓስፖርት ኮፒሽ ጋር ያዢው። ስልክሽን ሰው የሚያይብሽ ከሆነ ደግሞ ስትጨርሺ ከአካውንቱ ውጪ።

ጥያቄ፦ ዞሆስ? ደብሊው ፒ ኤስስ?

ዞሆ ራይተር እንደ ዶክስ ኦንላይን የሚጻፍበት ነው፣ የሕንድ ነው፣ ነጻ ነው፣ ገጹ ንጹሕ ነው። ጎግልን የማይፈልግ ሰው ይሞክረው። ደብሊው ፒ ኤስ ስልክ ላይ የዎርድ ፋይል ለመክፈት ይረዳል፣ ነጻው ግን ማስታወቂያ አለው።

ጥያቄ፦ የምጽፈው የሰዎች ምስጢር ያለበት ነው። ጎግል አያነበውም?

ዶክስ ላይ ያለው ጽሑፍ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ቁልፉ ግን በተለመደው አሠራር በኩባንያው እጅ ነው። ይህ ካሳሰበሽ ክሪፕትፓድን ተጠቀሚ። ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠራ ነጻ አገልግሎት ነው። ጽሑፉ ከብሮውዘርሽ ሳይወጣ ይቆለፋል፣ ባለቤቶቹም አይከፍቱትም። ስለዚህ ፓስወርድሽ ከጠፋ «ረሳሁት» ብለሽ የምታስመልሺበት መንገድ የለም። ደብተር ላይ ጽፈሽ ቆልፊበት።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነኝ። ዕብራይስጥና አማርኛ አንድ ገጽ ላይ ስጽፍ መስመሩ ይዘባረቅብኛል።

ዶክስ መነሻ ገጽ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ከገባህ የቋንቋ ምርጫው ጋ «ከቀኝ ወደ ግራ» የሚጻፉበትን መቆጣጠሪያ ሁሌም አሳይ የሚል አለ። አብራው። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አቅጣጫውን ለየብቻ ትመርጣለህ። ሁለቱን ቋንቋ አንድ አንቀጽ ውስጥ ከማደባለቅ በሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ መጻፍ ይቀላል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊደል ስህተት የሚያርም አለ?

እንደ እንግሊዝኛው የምመካበት አላገኘሁም። በሰው ማስነበብን የሚተካ የለም። ግን ራሳችሁ የምትሠሩት ትልቅ ማጽጃ አለ። ለኮምፒውተሩ «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሥራ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ስራ»ን ያልፈዋል። ኮንትሮልና ኤችን ተጭናችሁ አንዱን በሌላው ተኩ። ከመጻፋችሁ በፊት የምትመርጧቸውን ቃላት በወረቀት ብታስቀምጡ ደግሞ በጣም ይቀላል።

ሌላው አራት ነጥብ ነው። ሁለት ጊዜ «:» እየተጫናችሁ አታድርጉት። ለዓይን ይመስላል፣ ለኮምፒውተሩ ግን አይደለም። መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስም ሊለያይ ይችላል። በአማርኛ ኪቦርድ ትክክለኛው «።» አለ። ኮምፒውተር ላይ ኪይማን የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም በነጻ መጫን ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉን ነገር እዚያ ካስቀመጥኩ በኋላ አካውንቴ ቢዘጋስ?

ይሄ ደርሶብኛል፣ የእኔ ሳይሆን የደንበኛዬ። አንድ ልጅ ጽሑፉን ሁሉ ትምህርት ቤቱ በሰጠው ኢሜይል አስቀምጦ ተመረቀ። ኢሜይሉ ሲዘጋ ሁለት ዓመት የለፋበት አብሮ ሄደ። ሱቄ መጥቶ ሲነግረኝ የምለው ጠፋኝ። ስለዚህ በግልህ አካውንት ጻፍ። ጎግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል፣ ማይክሮሶፍትም ተመሳሳይ ደንብ አለው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ግባበት። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ የዎርዱን ኮፒ አውርድና አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላክ። ብዙ ፋይል ካለህ «ጎግል ቴክአውት» የሚባለው ሁሉንም በአንዴ ያወርድልሃል። መጠኑ ትልቅ ሊሆን ስለሚችል ዋይፋይ ያለበት ቦታ አድርገው።