ከቀና አስተሳሰብ እስከ ቤዝቦል ልብወለድ፦ ምን እናንብብ?

ስለ ቀና አስተሳሰብ መጻሕፍትና ስለ ቤዝቦል ልብወለዶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? አንዱ ምክር ነው፣ ሌላው የኳስ ጨዋታ።

በጣም ይገናኛሉ። ቤዝቦል የመሳት ጨዋታ ነው። አንድ መቺ (የተወረወረለትን ኳስ በዱላ የሚመታው ተጫዋች) ከ10 ሙከራ 3ቱ ከተሳካለት ኮከብ ይባላል። ቴድ ዊልያምስ በ1941 ከ10 አራቱን መትቶ የውድድር ዘመኑን ስለጨረሰ እስከ ዛሬ ይወራለታል። እሱም ቢሆን ስድስቱን ስቷል። በዚያ ላይ አንድ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር) ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ አለው። ዛሬ ማታ ተዋርደህ ነገ ማታ እዚያው ሜዳ ላይ ትቆማለህ። ስለዚህ ጥሩ የቤዝቦል ልብወለድ የሚጠይቀውና ጥሩ የቀና አስተሳሰብ መጽሐፍ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ከሳትክ በኋላ ለራስህ ምን ትለዋለህ?

አንድ የሚገርመኝ ነገር ላክልበት። 1952 ላይ ሦስት መጻሕፍት ወጡ። የኖርማን ቪንሰንት ፒል «ዘ ፓወር ኦቭ ፖዘቲቭ ቲንኪንግ»፣ የበርናርድ ማላመድ «ዘ ናቹራል» እና የሄሚንግዌይ «ዘ ኦልድ ማን ኤንድ ዘ ሲ»። የመጀመሪያው የዘመኑ የቀና አስተሳሰብ መጻሕፍት አባት ነው። ሁለተኛው ከታላላቆቹ የቤዝቦል ልብወለዶች አንዱ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ግን ሽማግሌው ሳንቲያጎ ብቻውን ባሕር ላይ ሆኖ የሚያስበው ስለ ማን እንደሆነ አስተውላችኋል? ስለ ጆ ዲማጆ፣ ስለ ኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋች ነው። ዲማጆ ተረከዙን እየታመመ ይጫወት ነበር፤ አባቱም ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሽማግሌው እጁ ደምቶ ገመዱን ሲይዝ «እሱ ቢሆን ይህን ያህል ይታገሥ ነበር?» እያለ ራሱን ይመዝናል።

ጥያቄ፦ «ትችያለሽ፣ ተነሺ» የሚሉ መጻሕፍት ሰልችተውኛል። ሁሉም አንድ ናቸው። እውነተኛ ነገር ያለው አንድ ንገረኝ።

እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። የማርቲን ሴሊግማንን «ለርንድ ኦፕቲሚዝም» አንብቢ። ሴሊግማን በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነው። መጽሐፉ ደስ ይበልሽ አይልሽም። ክፉ ነገር ሲገጥምሽ ምክንያቱን ለራስሽ እንዴት እንደምትነግሪው ነው የሚመረምረው። ችግሩ አላፊ ነው ወይስ የማይለቅ? ሕይወትሽን በሙሉ ይነካል ወይስ አንዱን ጎን ብቻ? ጥፋቱ ሁሉ የአንቺ ነው ወይስ ሌላም ምክንያት አለው?

ለምሳሌ ሥራ ተወዳድረሽ አላለፍሽም እንበል። «እኔ ድሮም አይሆንልኝም» ካልሽ ሦስቱንም በር በአንድ ጊዜ ዘጋሽ። «ለዚህኛው ቃለ መጠይቅ በደንብ አልተዘጋጀሁም» ካልሽ ግን ነገ የምትሠሪው ነገር አለሽ። ልብ በይ፣ ሁለተኛውም ጥፋትን መቀበል ነው። ግን ጥፋቱን ልክ ይሰጠዋል።

ሴሊግማን ይህን ቤዝቦል ላይም ሞክሮታል። እሱና ባልደረቦቹ በ1985 የናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ሰዎች ለጋዜጣ የሰጡትን ቃል ሰብስበው አጠኑ። የኒውዮርክ ሜትስ ተጫዋቾች ሲሸነፉ ምክንያታቸው የዚያን ቀን ጉዳይ ነበር። የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሰዎች ግን ጉድለታቸው የማይለወጥ ይመስል ነበር የሚናገሩት። በዚያ ዓመት የተሻለው ቡድን ካርዲናልስ ነበር፤ 101 ጨዋታ አሸንፎ ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሷል። ሜትስ 98 ነው ያሸነፈው። በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ሜትስ 108 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ካርዲናልስ 79 አሸንፎ 82 ተሸነፈ። እኔ ይሄን ብቻውን ማስረጃ ነው አልልም፤ ሜትስ ድንቅ ወርዋሪዎችም ነበሩት። ግን ምዕራፉን ካነበብሽ በኋላ የስፖርት ቃለ መጠይቅ እንደ ድሮው አትሰሚም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የፒል መጽሐፍ ልጆቼ ገዝተውልኛል። አንዳንዱ መንፈሳዊ ነው ይለኛል፣ አንዳንዱ እምነትን ያረክሳል። አንተ ምን ትላለህ?

አባቴ፣ ሁለቱም ወገን ምክንያት አላቸው። ፒል ፓስተር ነበሩ። ከ1932 ጀምረው 52 ዓመት በኒውዮርክ ማርብል ኮሊጂየት ቤተ ክርስቲያን አገልግለዋል። መጽሐፋቸው ጥቅስ በቃል ያዝ፣ ጠዋት ስትነሣ ድገመው፣ ማታ ጭንቀትህን አራግፈህ ተኛ ይላል። በዚህ ማንም አይጎዳም። ሆኖም በዘመናቸው የነበሩ የሃይማኖት ምሁራን፣ በተለይ ራይንሆልድ ኒቡር፣ እምነትን የስኬት መሣሪያ አደረጉት ብለው ነቅፈዋቸዋል። እኔም ስቀበለው የማልችለው ይህንኑ ጎኑን ነው። ጸልዮ ያልተሳካለት ሰው እምነቱ ጎደሎ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይገፋል።

እርስዎ ካነበቡት በኋላ ቪክቶር ፍራንክልን ያስከትሉ። ፍራንክል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ ከአውሽዊትዝና ከሌሎች የናዚ ካምፖች ተርፎ ወጣ። «ማንስ ሰርች ፎር ሚኒንግ» የተባለውን መጽሐፉን በ1946 አሳተመ። መከራ የለም አይልም፤ መከራው እያለ ሰው ምን ትርጉም ይዞ ይቆማል ነው ጥያቄው። ዕድሜ ለጠገበ ሰው ይህኛው ይበልጥ ቁም ነገር ያወራል።

ጥያቄ፦ «ዘ ሲክሬት»ስ? አጥብቀህ ካሰብከው ይመጣል የሚለው።

አልመክረውም። ጀርመን የተወለደችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪኤሌ ኦቲንገን ይህንኑ ጉዳይ ለዓመታት አጥንታለች። ክብደት ለመቀነስ የሚሞክሩ ሴቶችን ስታጠና፣ ቀጭን ሆኖ መታየትን አሳምረው ያለሙት የቀነሱት አነስተኛ ሆኖ አገኘችው። ሐሳቡ ራሱ ያረካና ጉልበቱን ይወስደዋል። በ2014 የወጣው መጽሐፏ «ሪቲንኪንግ ፖዘቲቭ ቲንኪንግ» ይባላል። ምኞትህን አስብ፣ ውጤቱን አስብ፣ ከዚያ እንቅፋትህን በስሙ ጥራ፣ ለእንቅፋቱ ዕቅድ አውጣ ትላለች። «ሲደክመኝ ስልክ ማየት ስለምጀምር፣ ስልኩን ሌላ ክፍል እተወዋለሁ» እንደ ማለት። በጣም ተራ ነገር ነው፤ ይሠራል።

ጥያቄ፦ የቤዝቦልን ሕግ አላውቅም። ልብወለዶቹ ይገቡኛል?

ይገቡሃል ወንድሜ። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፣ ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል። ከመታ አራት ማዕዘኑን ዞሮ መነሻው ላይ ሲደርስ ነጥብ ነው። ለመጀመሪያው መጽሐፍ ይሄ ይበቃል።

በደብልዩ ፒ ኪንሴላ «ሹለስ ጆ» ጀምር፤ 1982 ላይ ነው የወጣው። አንድ የአይዋ ገበሬ ድምፅ ይሰማና በቆሎውን አጭዶ የቤዝቦል ሜዳ ይሠራል። የሞቱ ተጫዋቾች ከበቆሎው ውስጥ እየወጡ ይጫወቱበታል። ከእነሱ ዋናው ጆ ጃክሰን በእውነት የነበረ ሰው ነው። በ1919 የዋንጫ ጨዋታ ገንዘብ ተቀብለው ለመሸነፍ ተስማሙ ተብለው ከተከሰሱት ስምንት የቺካጎ ኋይት ሶክስ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ፍርድ ቤት በ1921 ነጻ ቢለቃቸውም የሊጉ ኮሚሽነር ለዕድሜ ልክ አገዳቸው። «ፊልድ ኦቭ ድሪምስ» የተባለው የ1989 ፊልም ከዚህ መጽሐፍ ነው የተሠራው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ሙንላይት ግሬሃም የተባለውን ሰው ነው። እሱም በእውነት የነበረ ነው። በ1905 ለኒውዮርክ ጃየንትስ አንድ ጨዋታ ገባ፤ አንድም ኳስ ሳይመታ ጨዋታው አለቀ። ሁለተኛ ዕድል አላገኘም። ከዚያ ሚኒሶታ ውስጥ ቺሶልም በምትባል ከተማ ሐኪም ሆኖ ሕዝቡን አገለገለ። ኪንሴላ ይህን ሕይወት ሲጽፈው እንደ ጎዶሎ አያየውም።

ጥያቄ፦ «ዘ ናቹራል»ን በፊልም አይቼዋለሁ። መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግሃል፤ መጨረሻቸው አይገናኝም። መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ ይህን ዝለሉት። ሮይ ሆብስ በወጣትነቱ ሆቴል ውስጥ በአንዲት ሴት በጥይት ተመትቶ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። ማላመድ ይህን ከአየር አላመጣውም። በ1949 ኤዲ ዌይትከስ የተባለ ተጫዋች ቺካጎ ሆቴል ውስጥ እንዲሁ ተመትቶ ነበር። በ1984ቱ ፊልም ሮበርት ሬድፎርድ በመጨረሻው ምት ኳሷን የሜዳው መብራት ላይ ይልካታል፤ ብልጭታው እንደ ዝናብ ይወርዳል። በመጽሐፉ ሮይ ሆን ብሎ ለመሸነፍ ገንዘብ ይቀበላል፤ ልቡ ሲመለስ ረፍዷል፤ ይስታል። ሆሊውድ የፒልን ሐሳብ ወሰደና የማላመድን ተወ ማለት ይቻላል። ፊልሙ ደስ ያሰኛል፤ መጽሐፉ ግን ለሳምንት ያሳስባል።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ዓመቷ ነው፤ ወደ አሜሪካ የመጣነው በቅርቡ ነው። ትምህርት ቤት ገና አልተላመደችም። የሚሆናት አለ?

እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ! የቤቲ ባኦ ሎርድን «ኢን ዘ ይር ኦቭ ዘ ቦር ኤንድ ጃኪ ሮቢንሰን» ፈልጊላት። 1984 ላይ ነው የታተመው። አንዲት ቻይናዊት ልጅ በ1947 ብሩክሊን ትመጣለች። ቋንቋውን አታውቅም፣ ጓደኛ የላትም። የባንዲራውን ቃለ መሐላ ከልጆቹ ጋር ስትል ቃላቱን እንደ ሰማቻቸው እያጣመመች እንቁራሪት ሁሉ ታስገባበታለች። ልጅሽ እዚህ ላይ ትስቃለች፤ ምናልባትም የራሷን ታሪክ ትነግርሻለች። አንዲት ጉልበተኛ ልጅ ዓይኗን በቡጢ መትታ ታጠቁርባታለች፤ እሷም ሳትናገርባት ስትቀር ያቺው ልጅ ጓደኛ ትሆናትና ቤዝቦል ታስተምራታለች።

ዓመቱ ደግሞ እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ገብቶ ጥቁሮችን ከሜጀር ሊግ ያገለለውን አጥር የሰበረው ሚያዝያ 15፣ 1947 ነው። አሁንም በየዓመቱ በዚያ ቀን ተጫዋቾች ሁሉ የሱን 42 ቁጥር ይለብሳሉ። አብራችሁ አንብቡት። አንድ ገጽ አንቺ፣ አንድ ገጽ እሷ፤ ለአንቺም እንግሊዝኛ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ካንሰር ታማለች። ሰው ሁሉ «ቀና ቀናውን አስቢ» ይላታል፤ እሷ ግን ትናደዳለች። ምን ላንብብላት?

እግዚአብሔር ይማርልሽ። ንዴቷ ትክክል ነው። ባርባራ ኤረንራይክ በባዮሎጂ ዶክትሬት ያላት ጸሐፊ ነበረች። የጡት ካንሰር ሲያማት የሰማችው ይህንኑ ነበር። በ2009 «ብራይት ሳይድድ» ብላ ጻፈችው። የታመመ ሰው ላይ «ፈገግ በል» የሚል ሌላ ሸክም መጨመር ግፍ ነው ትላለች። ይህን አንቺና ቤተሰቡ አንብቡት።

ለእሷ ግን፣ ከፈቀደች ብቻ፣ የማርክ ሃሪስን «ባንግ ዘ ድረም ስሎውሊ» እላለሁ፤ 1956 የወጣ ነው። ታማሚው በመጨረሻ ይሞታል፤ ይህን አውቀሽ ወስኚ። ሄንሪ የሚባል ኮከብ ወርዋሪ፣ ቡድኑ የሚያሾፍበት ብሩስ የተባለው ባልደረባው በማይድን ሕመም እንደተያዘ ያውቃል። አያጽናናውም፣ አይሰብከውም። ክለቡ ውሉን ሲያድስ፣ ብሩስን ከሸጣችሁ እኔንም አብራችሁ ሽጡ የሚል አንቀጽ ያስገባል። በቃ፣ አብሮት ይሆናል። ብሩስ ሲሞት ከክለቡ አበባ ይመጣል፤ ሰው ግን አይመጣም። ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የኛ አንባቢ እዚያ ገጽ ላይ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጎበዝ ተማሪ ነበር። አንዴ ፈተና ከወደቀ በኋላ የሚያውቀውን ራሱ መጻፍ አቃተው።

የቻድ ሃርባክ «ዚ አርት ኦቭ ፊልዲንግ»፣ 2011። ሄንሪ ስክሪምሻንደር ኳስ ወርውሮ የማይስት የኮሌጅ ተጫዋች ነው። አንድ ቀን ይስትና ኳሷ የመኝታ ክፍል ጓደኛውን ፊት ትመታለች። ከዚያ በኋላ ያለ ሐሳብ ያደርገው የነበረውን ነገር ማሰብ ይጀምራል፤ ክንዱ ይያዛል። ይህ በእውነትም ይደርሳል። ሪክ አንኪየል የተባለ ወጣት ወርዋሪ በ2000 በትልቅ ጨዋታ ላይ እንዲሁ ሆነበት። ዓመታት ታግሎ ወርዋሪነቱን ተወና በ2007 መቺ ሆኖ ተመለሰ፤ በተመለሰበት ጨዋታ ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው ውጭ የሚያሳልፍ ምት) መታ።

ከዚህ ጋር የሥነ ልቦና ተመራማሪዋን የካሮል ድዌክን «ማይንድሴት» ይጨምርበት። ጉብዝና ተፈጥሮ ነው ብሎ ያመነ ልጅ አንዴ ሲወድቅ ማንነቱ የወደቀ ይመስለዋል ትላለች። ወንድምሽ ከአማካሪ ጋርም ቢነጋገር ጥሩ ነው፤ መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ከበድ ያለ፣ ለየት ያለ ሥራ እወዳለሁ።

የሮበርት ኩቨር የ1968 ልብወለድ፣ «ዘ ዩኒቨርሳል ቤዝቦል አሶሲዬሽን»። አንድ ብቸኛ የሒሳብ ሠራተኛ ዳይስ (ባለ ነጥብ የዕድል መጫወቻ) እየጣለ የሚጫወተው ምናባዊ ሊግ ይፈጥራል። ለተጫዋቾቹ ስም፣ ታሪክ፣ ዘፈን ሁሉ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ዳይሱ የሚወደውን ወጣት ተጫዋች ይገድልበታል። አያጽናናም፤ ግን ድንቅ ነው።

ጥያቄ፦ መጻሕፍቱ ውድ ናቸው። በነጻ የት ይገኛሉ?

አሜሪካ ላላችሁ፣ የሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካወጣችሁ ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ መዋስ ትችላላችሁ። ብዙውን ጊዜ በድምፅ የተነበበም ስላለ፣ ታክሲ ለምትነዱና ሌሊት ለምትሠሩ ይመቻል። የምትፈልጉት ወረፋ ካለው ተመዝገቡና እስኪደርሳችሁ የሄሚንግዌይን አጭር መጽሐፍ ጨርሱ።