ተፈርሞ ስላልተካለለ ድንበር፤ ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ አፄ ምኒልክ የፈረሟቸው የድንበር ውሎች ጣልያንን ካላስቆሙት፣ እኛ ዛሬ እነርሱን የምናጠናው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር በአጭሩ መልሼላት ተለያየን፤ ጥያቄዋ ግን በቀያሽነት ሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በሶማሊያ ወሰን ባለችው በዶሎ ያደረብኝን ቁጭት ቀስቅሶ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ውሎቹ የሚጠሩት በዚያ ነውና።

ከዐድዋ ድል በኋላ ምኒልክ እያንዳንዱን ቅኝ ገዥ ጎረቤት ለየብቻ እየጠሩ ወሰን ተዋዋሉ፤ በ1900 ከጣልያን ጋር በመረብ፣ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በሱዳን በኩል፣ በ1907 ደግሞ ዛሬ ኬንያ በምንለው አገር በኩል። በመካከሉ በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ለንደን ላይ ተሰብስበው የኢትዮጵያን አንድነት እናከብራለን እያሉ ጥቅማቸውን ተከፋፈሉባት፤ እንግሊዝ የዓባይን ተፋሰስ፣ ፈረንሳይ የባቡሩን አቅጣጫ፣ ጣልያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚያገናኘውን ምድር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህ ስምምነት ሉዓላዊ መብታቸውን እንደማይገድበው በጨዋ ቋንቋ አስታወቁ። ጤናቸው መታወክ የጀመረው ግን በዚያው ሰሞን ነበር።

እኔን የሚመለከተኝ በግንቦት 1908 ከጣልያን ጋር የተፈረመው የሶማሊያ ወሰን ውል ነው። ጣልያን ሦስት ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች፤ መስመሩም ዳዋና ገናሌ ተገናኝተው ጁባ ከሚሆኑበት ከዶሎ ተነሥቶ የነገዶችን ይዞታ እየተከተለ ወደ ዋቢ ሸበሌ እንዲሄድ፣ ከዚያም በ1897 ምኒልክና ጣልያን ያሰቡትን መስመር እንዲይዝ ተባለ። የ1897ቱ መስመር የተሰመረበት ካርታ ግን ጠፍቷል። ወሰኑን በመሬት ላይ የሚተክሉት አካላዮች ከዶሎ ተነሥተው ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ሥራው ተቋረጠ።

ዶሎ የደረስኩት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ላይ ረዳት ቀያሽ ሆኜ ነው። በዚያ አገር ሥራ የሚሠራው በማለዳ ነው፤ ረፋዱ ካለፈ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው በቴዎዶላይቱ፣ ማለትም ማዕዘን በምንለካበት መሣሪያ፣ መነጽር ውስጥ ችካሉ እንደ እባብ ይወዛወዛል፤ ንባቡም አይታመንም። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ግራር ሥር ጋደም ብለን የግመል ወተት የገባበት ሻይ እንጠጣ ነበር። (የቡድናችን ሹፌር ያንን ሻይ አንድም ቀን ሳይቀምስ ቡናውን ከነጀበናው ተሸክሞ እንደዞረ ተመለሰ።) ጺማቸውን በሒና ያቀሉ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ በየቀኑ እየመጡ ከጎናችን ይቀመጡ ጀመር። በአስተርጓሚ በኩል የአካባቢውን የውኃ ጉድጓዶች ስም፣ ማን እንደቆፈራቸው፣ ደለል ሲሞላቸው ማን እንደሚያወጣ፣ ዝናብ ሲዘገይ ተራው ወደ የትኛው ጎሣ እንደሚያልፍ ይነግሩኛል፤ እኔም በግል ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ችካላችንን ትኩር ብለው አይተው «ይህ መስመራችሁ የሚያልፈው በየትኛው ወር ነው?» አሉኝ። አስተርጓሚው ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ፤ እርሳቸው የሚያውቁት ወሰን በበጋ አንድ ቦታ፣ በዝናብ ወራት ሌላ ቦታ ያለ፣ ሰዎች በመሐላ የሚጠብቁት ወሰን ነበርና።

አዲስ አበባ ስመለስ ደብተሩ ከመስክ መዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ጠየቅሁ። አለቃዬ ከልኬት ቁጥር በቀር ምንም አይያያዝም አሉ። በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ደብተሩ ዕቃ ቤት ገባ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲዛወርም ከውዳቂ ወረቀት ጋር አብሮ ተጣለ። ሽማግሌውም በ1974ቱ ድርቅ ማለፋቸውን ሰማሁ። ከነገሩኝ ስሞች ዛሬ የማስታውሰው ጥቂቱን ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ በዚያው ባልተካለለው የሶማሊያ ወሰን በኩል ባለችው የውኃ ጉድጓዶች ስፍራ፣ በወልወል ምክንያት ነው። በኅዳር 1934 የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የጋራ ኮሚሽን የግጦሽ መሬት ሊያጠና ወልወል ሲደርስ፣ ጉድጓዶቹን የጣልያን ጦር ይዟቸው አገኘ። ቀያሾች መሣሪያቸውን ይዘው ሄደው ምሽግ ገጠማቸው ማለት ነው። በታኅሣሥ 5 ተኩስ ተከፈተ። ጉዳዩ ለግልግል ዳኝነት ቢቀርብም ዳኞቹ ቦታው የማን እንደሆነ እንዳይወስኑ ተከልክለው ነበር፤ በመስከረም 1935 ሁለቱንም ወገን ነጻ አሉ፤ ከአንድ ወር በኋላ ወረራው ተጀመረ። እርግጥ ነው፣ ሙሶሊኒ ሰበብ ቢያጣ ሌላ ይፈጥር ነበር፤ ጉልበት የሌለው አገር የያዘውን ወረቀት ማንም አያነብለትም። ቢሆንም ከዶሎ ወዲያ ያለው መስመር ባይቋረጥ ኖሮ ያንን ሰበብ ማግኘት ይከብደው ነበር ብዬ አምናለሁ።

እናንተ ቀለም የተቀባ ካርታ በስልካችሁ እየተለዋወጣችሁ ስለ ድንበር ሌሊቱን ሙሉ ስትሟገቱ አያለሁ፤ ከመካከላችሁ የውሉን አንድ አንቀጽ ያነበበ ግን አንድ ሰው አላገኘሁም። የእኛ ትውልድም ሳያነብ ጮኋል፤ የእኛው ጩኸት ቢያንስ በእግር ያስኬድ ነበር። ታሪክን በመሪ ስም ብቻ ማጥናታችሁም አያስደስተኝም፤ መሪውን አወድሳችሁ ወይም ረግማችሁ ስትጨርሱ የውሉን አባሪ ለማየት የሚተርፋችሁ ትዕግሥት የለም።

ማንበብ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ የ1926ቱን ክርክር ይመልከት። እንግሊዝና ጣልያን በ1925 መጨረሻ በደብዳቤ ተስማምተው አንዷ የጣና ግድብን፣ ሌላዋ የባቡር መስመርን ለማግኘት ሊረዳዱ ተዋዋሉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢትዮጵያ በ1923 የገባችበትን የመንግሥታት ማኅበር ሕግ ይዘው ለአባል አገሮች አቤት አሉ፤ ሁለቱም ኃያላን ኢትዮጵያን የማስገደድ አሳብ የለንም ብለው በጽሑፍ ማስተባበያ ሰጡ። አንድም ጥይት ሳይተኮስ ማለት ነው።

ለዚያች ተማሪ ልጨምርላት የምፈልገው ይህ ነው። በዚያው በግንቦት 1908 ስለ ኤርትራ ደንከል፣ ማለትም ስለ ቀይ ባሕር ጠረፍ ምድር፣ የተፈረመውን ሌላ ውል ስትከፍቺ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አትቁሚ። እርሱ ወሰኑ ከባሕር ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲሄድ የሚለው ነው። ሁለተኛው መስመሩ በመሬት ላይ እንደ ምድሩ ጠባይ ቶሎ እንዲተከል፣ ሦስተኛው ደግሞ የድንበሩ ነገዶች በተለመደ መኖሪያቸው መሠረት የማን እንደሆኑ በስምምነት እንዲወሰን ያዛሉ። እነዚህን ሁለቱን የፈጸመ አልነበረም። ስለዚህ በ2002 ሄግ ላይ የተቀመጠው የድንበር ኮሚሽን የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወሰን ሲወስን፣ በዚያ በኩል የቀረው መንገድ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ለክቶ መስመሩን በወረቀት ላይ በጂኦሜትሪ ማውጣት ነበር።